ጥሩ ሐሳብ ለቅሞ ማካፈል፦ ከጆሮ እስከ ሻይ ቤቱ ግድግዳ

«ያቺን ወረቀት እንዴት ነው የምትሠራት?» ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማለሁ። ባጃጅ ውስጥ ይጠይቁኛል። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ ይጠይቁኛል። ባለፈው ደግሞ አንድ የሐረር ልጅ ደውሎ «አቦ፣ እኔም ሰፈሬ ልጀምር ነው፣ ከየት ልነሳ?» አለኝ። በየጊዜው በአፍ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ለማያውቃት ሰው፦ ወረቀቷ አንድ ገጽ ናት። በየአሥራ አምስት ቀኑ ድሬዳዋ ከዚራ፣ አንድ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ እለጥፋታለሁ። ኮፒዋን ለጸጉር ቤት፣ ለሱቅና ለዕድራችን እሰጣለሁ። ሦስት ሐሳብ ብቻ ትይዛለች። ሐሳቦቹ የእኔ አይደሉም። ከሰው የሰማኋቸው፣ ያነበብኳቸው፣ በዓይኔ ያየኋቸው ናቸው። የእኔ ሥራ መልቀም፣ ማጣራትና ማድረስ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ሐሳብ ይዤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሄዳለሁ፤ የሁለት ሸክላ ማቀዝቀዣን። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ ይገባል። በመሃላቸው ያለው ክፍተት አሸዋ ይሞላል። አሸዋው ውሃ ይጠጣል፣ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። ውሃው በትልቁ ሸክላ ገላ አልፎ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ውስጥ ያለው አትክልት ይቀዘቅዛል። መብራት አይፈልግም። ለድሬ ሙቀት የተላከ ሐሳብ ነው ብዬ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ወረቀት ላይ ሳወጣው ግን አንድ ትልቅ ነገር ዘለልኩ። ምን እንደዘለልኩ ደረጃው ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የኪስ ደብተር። ትንሽና ከኪስ የማትወጣ ትሁን።
- ካርዶች። ገዝታችሁ አትድከሙ፣ ኤፎር ወረቀት አራት ቦታ ቁረጡ። አንድ ሐሳብ አንድ ካርድ ነው።
- የጫማ ካርቶን፣ ካርዶቹን ለማስቀመጥ።
- ጥቁር እስክሪፕቶ። ሰማያዊው ፎቶኮፒ ሲደረግ ይደበዝዛል።
- ስልክ። ለድምፅ መቅጃው ያህል ነው፣ ውድ መሆን የለበትም።
- ፕላስተርና ወረቀት የሚገባበት ላስቲክ ሽፋን።
- እውነቱን የሚነግራችሁ አንድ ሰው። የማይፈራችሁና ለማስደሰት ብሎ የማይዋሽ ይሁን። ከዝርዝሩ ሁሉ ለማግኘት የሚከብደው ይህ ነው። የእኔ ታላቅ እህቴ ናት።

1. ለማን እንደምትለቅሙ ወስኑ

«ለሁሉም ሰው» ብላችሁ አትጀምሩ። ሦስት የምታውቋቸውን ሰዎች ስም ጻፉና ካርቶኑ ክዳን ላይ ለጥፉ። የእኔ ሦስቱ ጉልት የምትቸረችር ጎረቤቴ፣ አንድ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት፣ እና የምድር ባቡር ጡረተኛ የሆኑ አባት ናቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ሳይታያችሁ ከለቀማችሁ የሰማችሁት ሁሉ ጥሩ ይመስላችኋል። ካርቶኑ ይሞላል፣ የሚካፈል ነገር ግን አይገኝም። ጎረቤቴን ሳስብ «ቲማቲሟ ማታ ላይ ለምን ይላሽቃል?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የሁለት ሸክላው ነገር ጆሮዬ ውስጥ የገባው በዚህ በር ነው። ጥያቄ ያለው ሰው መልስ ሲያልፍ ያያል።

2. ስትሰሙ ያኔውኑ ያዙ

የሰማነውን ነገር አብዛኛውን የምንረሳው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው። «ማታ እጽፈዋለሁ» ያላችሁት ማታ ላይ ግማሹ የለም። ግማሹ ብቻ ቢጠፋ ደግሞ ደግ ነበር። ክፋቱ ያልሰማችሁት ነገር በጠፋው ቦታ ይገባል፣ እናንተም የሰማችሁት ይመስላችኋል።

ስለዚህ ወዲያው በኪስ ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ምን፣ ከማን፣ የት። «ሁለት ሸክላ፣ አሸዋ፣ ውሃ፤ ከአንድ የግብርና ባለሙያ፤ ሚኒባስ ውስጥ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ።» ይህ ይበቃል። መጻፍ ካልተመቻችሁ ወርዳችሁ ለስልካችሁ በራሳችሁ ድምፅ ንገሩት።

*ጥንቃቄ፦* ሌላ ሰው ሲያወራ በስውር አትቅዱ። በርጫ ላይም ሆነ ቡና ላይ ሰው የሚያወራው አምኗችሁ ነው። ከፈለጋችሁ «ይህን ልቅዳው?» በሉ። አንዴ እምነቱ ከተሰበረ ከዚያ ቤት ሁለተኛ ሐሳብ አታገኙም።

3. ማታ በራሳችሁ ቃል ወደ ካርድ ገልብጡ

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ሌላውን ደረጃ ብትቸኩሉበት ይቅር ይባላል፣ ይህን ግን አትቸኩሉበት።

መጽሐፍም ከሆነ ዝጉት፣ የድምፅ መልእክትም ከሆነ አጥፉት። ከዚያ ለጎረቤት እንደምታስረዱ አድርጋችሁ ጻፉ። ሳታዩ መጻፍ ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው። ያልገባንን ነገር ስናካፍል ደግሞ ቃሉን እንጂ ሐሳቡን አናደርስም።

ካርዱ ላይ አምስት መስመር ይኑር፦

ሀ. ሐሳቡ ምንድን ነው?
ለ. ለምን ይሠራል?
ሐ. ከማን ወይም ከየት መጣ? መቼ?
መ. የት፣ በምን ሁኔታ ይሠራል?
ሠ. መቼ አይሠራም?

ሰዎች ሀን እና ሐን ይሞላሉ። ትጉዎቹ ለን ይጨምራሉ። መ እና ሠ ግን ባዶ ይቀራሉ። እንግዲህ ለሰው የሚጠቅመው አብዛኛው ነገር ያለው በእነዚህ ሁለት መስመሮች ነው።

አንድ የቅርብ ምሳሌ ልስጣችሁ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ስለዚህ «ባቄላው ይህን ያህል ሰዓት ይቀቀላል» ብላ የድሬ እናት የነገረቻችሁን ሐረር ወስዳችሁ ብትናገሩ ባቄላው ጥሬ ይቀራል። እሷ አልተሳሳተችም፣ እናንተም አልዋሻችሁም። የጠፋው «የት» የሚለው መስመር ነው።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ ይከብዳል። ውሃን በፀሐይ የማከም ዘዴ አለ። ድሬ ፀሐይ ስላላት ብዙ ሰው «ፀሐይ ላይ ያደረ ውሃ ንጹሕ ነው» እያለ ያወራዋል። ትክክለኛው ግን እንዲህ ነው፦ ጠርሙሱ ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የውሃ ፕላስቲክ መሆን አለበት፣ ከ2 ሊትር አይበልጥም። ውሃው ድፍርስ መሆን የለበትም። በደንብ በሚታይ ፀሐይ ተጋድሞ 6 ሰዓት ይቆያል። ሰማዩ ከግማሽ በላይ ደመና ከሆነ ተከታታይ 2 ቀን ያስፈልገዋል። ተውሳክ ይገድላል፣ ኬሚካል ግን አያስወግድም። እንግዲህ «ፀሐይ ላይ ያደረ ውሃ» የሚለው ወሬ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ያለ ድፍርስ ውሃ ለሚያጠጣ ሰውም ይደርሳል። ቁጥሩ ሲወድቅ ሐሳቡ አደጋ ሆነ።

የእኔ የሁለት ሸክላ ካርድ እንዲህ ይል ነበር። ሀ፦ አትክልት ያለ መብራት ማቀዝቀዝ። ለ፦ ውሃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። ሐ፦ የግብርና ባለሙያ፣ ሚኒባስ ውስጥ። መ፦ ደረቅ አየር፣ ጥላ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ። ሠ፦ አየሩ እርጥብ ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ። አምስቱም ሞልተው ነበርና ሙሉ መሰለኝ።

4. በሳምንት አንድ ቀን ልቀሙ

እሁድ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። ምስር በሰፌድ እንደመልቀም ነው። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ክዳኑ ላይ ካሉት ሦስት ሰዎች ለአንዱ ይጠቅማል? ሰውየው በእጁ ባለው ነገር ነገ ሊሞክረው ይችላል? ቢሳሳት ምን ያህል ይጎዳል?

ሦስተኛውን አትዝለሉት። ቲማቲም ቢበሰብስ የቲማቲም ዋጋ ነው። ስለ ሕፃን፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ካርዱ ጥግ ላይ ኮከብ አድርጉና ባለሙያ ሳያየው እንዳይወጣ ለዩት።

ከአሥር ካርድ ሁለት ካለፈ ጥሩ ሳምንት ነው። ያላለፉትን አትጣሉ። ምን እንደጎደላቸው በአንድ ቃል ጽፋችሁ ወደ ካርቶኑ መልሱ። አንዳንዱ ከስድስት ወር በኋላ ሰውየውን ያገኛል።

5. አጣሩ

ሦስት መንገድ አለ። ከቻላችሁ ሦስቱንም ተጠቀሙ።

*ራሳችሁ ሞክሩት።* ሸክላዎቹን ገዛሁ፣ አሸዋውን ከደቻቱ ወንዝ አመጣሁ፣ በረንዳዬ ጥላ ላይ አስቀመጥኩ። ግማሽ ኪሎ ቲማቲም ውስጥ፣ ግማሽ ኪሎ ውጭ። ጠዋትና ማታ አሸዋውን አጠጣሁት። የውጪው በአራተኛው ቀን ላሸቀ። የውስጡን በዘጠነኛው ቀን ለሰላጣ ቆረጥኩት። ካርዱ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ወሩን፣ ስንቴ እንዳጠጣሁ ጻፍኩ። እናንተም ጻፉ። «ሞክሬዋለሁ» ብቻ ማለት ለሚጠይቃችሁ ሰው መልስ አይሆንም።

*በእጁ የሚሠራውን ሰው ጠይቁ።* የኤሌክትሪክ ነገር ከሆነ ኤሌክትሪሺያን፣ የልብስ ከሆነ ሰፊ፣ የሸክላ ከሆነ ሸክላ ሠሪ። እኔ የዘለልኩት ይህችን ነበር። ሙከራው ስለሠራልኝ በቃኝ አልኩ።

*ሁለተኛ ምንጭ ፈልጉ፤ ግን ሁለተኛ መሆኑን እርግጠኛ ሁኑ።* አሥር ሰው አንድ ነገር ስላለ አሥር ምንጭ አይደለም። አሥሩም ያንኑ የድምፅ መልእክት ሰምተው ሊሆን ይችላል። «ማን ነገረህ?» እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ሁለቱ መንገዶች አንድ ሰው ዘንድ ከተገናኙ ያላችሁ አንድ ምንጭ ነው። ውሃ የገባበትን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበር የሚለውን ያልሰማ የለም። ሁሉም ከሌላ ሰምቶት ነው። ስልክ ሠሪ ብትጠይቁ ሩዙ ከውስጥ ውሃ እንደማይስብ፣ ብናኙ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ እንደሚገባ ይነግራችኋል። አጥፍቶ ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ መተው ይሻላል።

*ከባድ ማስጠንቀቂያ፦* መጠን ያለበት ነገር ሁሉ በቁጥር ይጻፍ፣ ሁለት ሰው ያንብበው። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ቤት ውስጥ የሚዘጋጀው ውህድ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ማንኪያው ልሙጥ እንጂ ቁልል አይደለም። ስኳርና ጨው ቢገለባበጡ ወይም ጨው ቢበዛ ልጁን ይጎዳዋል። እንዲህ ያለውን ስታወጡ ሥሩ ላይ «ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው እሽግ ካለ እሱን ተጠቀሙ፣ ልጁ ካልተሻለው ወዲያው ሐኪም ዘንድ ውሰዱ» ብላችሁ ጨምሩ።

6. አንድ ገጽ ጻፉ

ሦስት ሐሳብ፣ ለእያንዳንዱ ቢበዛ ሰማንያ ቃል። ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሰው ከዚህ በላይ አያነብም። ፊደሉን ትልቅ አድርጉት፤ መነጽር ቤት ረስተው የሚመጡ አባቶች አሉ።

ከሚሠራው ነገር ጀምሩ፣ ምክንያቱን አስከትሉ፣ የማይሠራበትን ከነቁጥሩ ጻፉ፣ መጨረሻ ላይ ምንጩን። «አሸዋውን ጠዋትና ማታ አጠጡ» ስትሉ «ከደረቀ ማቀዝቀዙን ያቆማልና» ብላችሁ አያይዙ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ውሃ ሲያጥርበት በራሱ መላ ይፈልጋል። ትእዛዙን ብቻ የሰማ ሰው ይተወዋል።

ምንጭ ስትጠቅሱ ሰውየውን አስፈቅዱ። ስሙ እንዲወጣ ካልፈለገ «የሳቢያን ሰፈር አንድ ሰፊ» በቂ ነው። ፈጽሞ ምንጭ ሳትጠቅሱ ማውጣት ግን ሁለት ጉዳት አለው። ሰውየው ይቀየማል፤ አንባቢውም ተጨማሪ ጥያቄ ሲኖረው የሚሄድበት ያጣል። ሐረር ጁገል ውስጥ የሸሪፍ ሙዚየምን ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ያ ሁሉ ዕቃ በአንድ ሰው የቤት ስብስብ የተጀመረ ነው። ከየት እንደመጣ የሚነግር ከሌለ አንድ አሮጌ ጎራዴ ብረት ብቻ ነው።

ከመጽሐፍ ስትወስዱ ሐሳቡን በራሳችሁ ቃል መንገር ይቻላል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሚጠበቀው አጻጻፉ ነው፣ ሐሳቡ አይደለም። አጭር ጥቅስ ከወሰዳችሁ የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም ጻፉ። ገጹን እንዳለ ፎቶ አንስቶ ማባዛት ግን ሌላ ነገር ነው፣ አታድርጉት።

7. ቋንቋውን አስቡ

ድሬ ላይ በአማርኛ ብቻ ከጻፋችሁ ግማሹን ሰው ትታችኋል። ኦሮምኛና ሶማሊኛ ያስፈልጋል። ሐረር ከሆነ ሐረሪም። ቃል በቃል የሚተረጉም አትፈልጉ። ካርዱን አንብባችሁለት፣ ከዚያ ወረቀቱን ሳያይ በራሱ ቋንቋ ለእናቱ እንደሚነግር አድርጎ የሚጽፍ ሰው ፈልጉ። ሲጨርስ መልሶ በአማርኛ ይንገራችሁ። ቁጥሮቹ ሳይለወጡ ከተመለሱ ሥራው ደህና ነው።

ኦሮምኛውና ሶማሊኛው የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ከትልልቆቹ ሰዎች ግን ላቲን የማያነቡ፣ ዓረብኛ ፊደል ብቻ የሚያነቡ አሉ። ለእነሱ ወረቀት ሳይሆን ድምፅ ነው የሚሆነው፤ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላቸው።

8. አድርሱ

ቦታው ሰው ቆም የሚልበት ይሁን። ሻይ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ የባጃጅ ተራ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ የት ይለጠፍ የሚለውን እሱ ይምረጥ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ድሬ ቀትር ላይ ትዘጋለች። ከስድስት ሰዓት በኋላ ለጥፋችሁ ሰው ብትጠብቁ ማንም አይመጣም። ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት፣ ወይም ፀሐይዋ ስትበርድ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይሻላል።

ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ከሆነ በኢንክጄት ፕሪንተር የታተመው ቀለም ቶሎ ይገረጣል። ፎቶኮፒ ወይም ሌዘር ህትመት ይቆያል። ላስቲክ ሽፋኑ ለአቧራው ነው።

ከዚያ ደግሞ ለጥፋችሁ አትሂዱ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት እዚያው ቁጭ ብላችሁ ሻይ ጠጡ። ሰው የቱ ጋ ቅንድቡን እንደሚሰበስብ እዩ። የትኛውን ጮክ ብሎ ለጓደኛው እንደሚያነብ ስሙ። ከዚህ የሚገኘውን የትም አታገኙትም።

9. መልሱን ሰብስቡ

ወረቀቱ ሥር ሁልጊዜ አንድ መስመር ይኑር፦ «የሞከራችሁ፣ የሠራላችሁም ያልሠራላችሁም፣ ለሻይ ቤቱ ንገሩ።» ሻይ ቤቱ ውስጥ ደብተር በገመድ አስሬ ሰቅያለሁ። ሰው ያልሠራለትን እንዲጽፍ አስቀድማችሁ ካልጋበዛችሁት ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ለጎረቤቱ ብቻ «ውሸት ነው» ይላል።

የሁለት ሸክላው ወረቀት በወጣ በሳምንቱ ያቺው ጉልት ጎረቤቴ መጣች። ተናዳለች። የወጥ ማሰሮዋን ሰጥታ፣ አሸዋ ተሸክማ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ውሃ ስታጠጣ ኖራ ቲማቲሙ ከውጪው እኩል ላሸቀ። ሄጄ አየሁት። አሸዋው ረጥቧል፣ ጥላ ነው፣ ነፋስ አለ። የትልቁ ሸክላ ገላ ግን ደረቅ ነው። ምክንያቱ አልታየኝም።

ይዤው ቀፊራ ወደ አንዲት ሸክላ ሻጭ እናት ሄድኩ። ራሳቸው ናቸው የሚሠሩት። ገና ከሩቅ አይተው «ይሄ የተሟሸ አይደለም እንዴ? የተሟሸ ሸክላ አያልብም!» አሉኝ። አንድ ማሰሮ ሲሟሽና ለዓመታት ወጥ ሲሠራበት ቅባቱ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ለወጥ የምንፈልገው ያንን ነው። ለማቀዝቀዣ ግን ውሃው መውጫ ያጣል። እኔ የገዛሁት አዲስ ነበር፣ ስለዚህ ሠራልኝ። ጎረቤቴ ቤቷ ያለውን ተጠቀመች፣ ስለዚህ አልሠራላትም። የካርዱ ሠ መስመር ላይ «የተሟሸ ወይም ቀለም የተቀባ ሸክላ» የሚል መጨመር ነበረበት። እሳቸው ያንን በአንድ እይታ ያውቁት ነበር፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

ጎረቤቴ አሁን ሁለት ያልተሟሹ ሸክላዎች አሏት። ባትናደድብኝ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ያንን የጎደለ ወረቀት እየሰጠሁ ነበር። ያካፈልኩት ሐሳብ ከሰጠሁት ተሽሎ ሲመለስልኝ ያየሁት ያኔ ነው። ይህን ሥራ ያላቆምኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

10. ስሕተትን በዚያው ግድግዳ ላይ አርሙ

የተሳሳተውን ወረቀት በዝምታ አታንሱ። ያነበበው ሰው አሁንም ትክክል ነው ብሎ እየሠራበት ነው። በሚቀጥለው ወረቀት አናት ላይ «እርማት» ብላችሁ ምን ብላችሁ እንደነበር፣ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳረማችሁ ጻፉ። ሁለት ዕትም ላይ ይውጣ፤ ሁሉም ሰው በየሳምንቱ አይመጣም። ኮፒ የሰጣችሁባቸውን ቦታዎች ዝርዝር ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጡ። እርማት ሲኖር እየዞራችሁ የምትሰጡት በእሱ ነው። እኔ ዝርዝር ስላልነበረኝ በትዝታ ስዞር አንድ ወፍጮ ቤት ረስቼ ነበር።

ደጋግሜ የማያቸው ስሕተቶች

*ማከማቸትን እንደ ማካፈል መቁጠር።* አንድ ወዳጄ ሦስት መቶ ካርድ አለው። አንዱንም ለሰው አልሰጠም። «ገና አልተሟላም» ይላል። ሦስቱን አውጡ፣ የሚጎድለውን ሰው ይነግራችኋል።

*የደረሳችሁን ሁሉ ማስተላለፍ።* ተቃራኒው ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ የከፋ ነው። ሳታጣሩ አሥር ከላካችሁ ሰው አሥራ አንደኛውን አይከፍተውም፣ የሚጠቅመው ያ ቢሆንም። ስለ ሰው፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ሃይማኖት የሚወራ ነገር ደግሞ ከናካቴው እዚህ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «እኔ ሰምቼ ነው» የሚለውን ሰው አያድነውም። ከሕጉም በፊት ግን አብሮ የሚኖር ጎረቤት አለ።

*የጥበብ ቃል ብቻ መልቀም።* «ሠርተህ ብላ» የሚል ወረቀት ሰው አንብቦ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ነገ ጠዋት በእጁ የሚያደርገው ነገር የለበትም።

*ከራስ ቤት ያለውን መናቅ።* ሩቅ የመጣ ሐሳብ ብቻ ሐሳብ ይመስለናል። የሐረር እናቶች ከቡና ቅጠል የሚያፈሉትን ቁቲ፣ የድሬ ሰው ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ የሚጠቀልልበትን ምክንያት ጻፉ። ጆንያውና ሁለቱ ሸክላ በአንድ ዘዴ ነው የሚሠሩት።

*ጊዜ መዝለል።* በየአሥራ አምስት ቀኑ ካላችሁ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይውጣ። ሦስት ሐሳብ ካልሞላ ሁለት አድርጉ። ለመሙላት ብላችሁ ያልተጣራ አታስገቡ።

ካርቶኑ ሲሞላ

የሞከራችኋቸውንና የታረሙትን ካርዶች ፎቶኮፒ አድርጋችሁ ለሚጀምር ሰው ስጡ። ዋናውን እናንተ ያዙ። ለሐረሩ ልጅ ሠላሳ ካርድ በሚኒባስ ልኬለታለሁ። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ «ሐረር ላይ፦» ብዬ ሁለት ባዶ መስመር ትቻለሁ። ባቄላው ላይ ያለውን ትናንት ሞልቶ ደወለልኝ።